በሁለታችን ስም የተጻፈው መሬት

የአባቴ መሬት ከዘመሮ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ያስኬዳል። ገብስና ባቄላ ያበቅላል። አባቴ ሲሞት ወንድም እህት ስላልነበረኝ ለእኔ ደረሰኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባል አገባሁ። እሱ የእኔ የሚለው መሬት አልነበረውም፤ እናቱን ይዞ እኔ ዘንድ ገባ።

የመሬት ይዞታ ደብተር የሚሰጡ ሰዎች ቀበሌያችን የመጡ ጊዜ ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና፣ «የአባትሽ ከሆነ በስምሽ ብቻ ልጻፈው?» አለኝ። ባሌ ከጎኔ ቆሟል። በሰው ፊት እሱን ማሳነስ መሰለኝና አፈርኩ።

«የእኔ የእሱ የምንለው የለንም፤ በሁለታችን ስም ጻፈው» አልኩ። ፎቷችን ጎን ለጎን ተለጠፈ።

ልጅ አልወለድንም። መንደሩ መካን ናት ብሎ ሲያማኝ የሚከራከሩልኝ አማቴ ነበሩ። «እኔ ልጅ አለችኝ፤ እሷው ናት» ይሉ ነበር። በዘጠነኛው ዓመት ዘመሮ ያለች ሴት ከባሌ አረገዘች። ፍቺ ጠየቀኝ፤ አልተከራከርኩም። የተከራከርነው ንብረት ላይ ነው። እኔ በጎቹንና ቤቱን እኩል እንካፈል፣ መሬቱ ግን የአባቴ ነው አልኩ። እሱ፣ «ደብተሩ ይመስክር» አለ።

ዳኛው ደብተሩን ገልጠው አዩና፣ «የሁለታችሁ ነው ይላል። ከጋብቻ በፊት ያንቺ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አምጪ» አሉኝ።

አልሰጋሁም። የአባቴ ታናሽ ወንድም አሉ፤ ከአባቴ ጋር ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ማሳቸውም ከማሳዬ ይዋሰናል። ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ይመሰክሩልኛል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ያንቺ ነገር የኔ ነገር አይደል እንዴ» አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን ምለው ቆሙ። መሬቱ የማን ነበር ሲባሉ የወንድሜ አሉ። ወንድምዎ ከሞቱ በኋላ ማን ያዘው ሲባሉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አገላበጡት።

«ያንን አላስታውስም። እኔ የማውቀው ባሏ ሲያርሰው ነው።»

«ጋሼ» አልኩ። ዳኛው ዝም በይ አሉኝ። አጎቴ ወደ እኔ ዞር ሳይሉ ወጡ። መሬቱ የጋራ ነው፣ እኩል ይካፈል ተብሎ ተፈረደ።

ጎረቤቶቼ ይግባኝ በይ አሉኝ። ያሳደገኝ ሰው ከካደኝ ማንን ይዤ ልሂድ? የክህደቱን ምክንያት ያወቅኩት እርሻ ሲጀመር ነው። ባሌ ድርሻውን አርሰው ምርቱን እኩል እንዲካፈሉት ለአጎቴ ሰጥቷቸው ኖሯል፤ በአባቴ ማሳ ላይ የአጎቴ በሬዎች ተጠምደው አየሁ።

ከዚያ በፊት ግን ቤቱን ተካፍለን ነበር። ሁለት ክፍል ስለነበረ በዕጣ አንዳንድ ደረሰን። የፊተኛው የእሱ፣ አማቴ የሚተኙበት የጓዳው ክፍል የእኔ ሆነ። በማግስቱ ሰው ይዞ መጣና የድርሻውን ቆርቆሮ ነቅሎ፣ በሩን ሳይቀር ፈትቶ በአህያ ጫነ። ዘመሮ ለአዲሲቱ ሚስቱ ቤት ሊሠራ ነው።

«እናትህስ?» አልኩት።

«ክፍሉ ያንቺ ነው፤ እንዳሻሽ» ብሎ አህዮቹን ነዳ።

አማቴ ዓይናቸው ደክሟል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የቆርቆሮውን ድምፅ ሲሰሙ ነው የዋሉት። ገብቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ ይህ ክፍል የእኔ ሆኗል።»

«ሰማሁ ልጄ። ይባርክልሽ።»

«እርስዎ ልጅዎ ጋ ይሂዱ።»

«ይዞኝ መሄድ ቢፈልግ ዛሬ ይወስደኝ አልነበር?» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኔ ምን አደረግሁሽ?» አሉኝ።

«ምንም አላደረጉኝም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ እያልኩም አውቀው ነበር። ግን እሱን የምጎዳበት ሌላ ነገር በእጄ አልነበረም። የሚለብሱትን ዝተት ጠቅልዬ አዘልኩና እጃቸውን ይዤ ዘመሮ ድረስ መራኋቸው። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እንረፍ አሉኝ፤ አንዱን ብቻ አረፍን። ባሌ ያረፈበት ቤት በር ላይ ካለ ድንጋይ አስቀመጥኳቸውና በሩ ሳይከፈት ተመለስኩ።

እሱን ግን አልጎዳሁትም። ሚስቱ አራስ ናት፣ ቤቱ ጠቧል ብሎ በወሩ እናቱን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካሉ መነኩሲት ጎጆ አስገባቸው። እሳቸውም እዚያው መንኩሰው ቆብ ደፉ።

ባለፈው ጾም ከቅዳሴ ስወጣ ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አላዩኝም። ሳልናገር የገብስ ቆሎ በመዳፋቸው አስቀመጥኩ። እጄን ያዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሱ።

«አንቺ ነሽ» አሉ።

መዳፌን ዘርግተው ቆሎውን ሳያፈሱ መለሱልኝ።

«ለተቸገረ ስጪው» አሉኝና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።