የቁልቁለቱ አመድ

ራዚያ ክረምት በገባ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። የከሰል ምድጃዋን ቆስቁሳ፣ የሌሊቱን አመድ ከመሳቢያው ወደ ባልዲ ገልብጣ፣ ሟች ባሏ ሂልሞ የተወውን የሱፍ ካልሲ በጫማዋ ላይ ደርባ ትወጣለች። በሳራዬቮ ዳገቶች ላይ ካልሲ ያልደረበ ሰው ወደ ገበያ የሚወርደው በእግሩ ሳይሆን በመቀመጫው ነው። ከደጃፏ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ፣ በረዶው እግር እንዳያንሸራትት፣ አመዱን በአካፋ እየበተነች ትወርዳለች፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትመለሳለች። ተማሪዎቹ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው። አመዱን ማን እንደበተነው ጠይቀው አያውቁም።

ወደዚህ ሰፈር የመጣችው ሙሽራ ሆና ነው። ካልሲ ፋብሪካ ገባች፤ ፋብሪካው እስኪዘጋ ሠራች። በጦርነቱ ከተማዋ በተከበበችበት ጊዜ ምድጃው መጀመሪያ ወንበሮቹን በላ፣ ቀጥሎ አሮጌ ጫማዎችን፣ በመጨረሻ የዕቃ ቤቱን በር። ከዚያ ሂልሞ ሞተ፣ ልጇ ኦስትሪያ ሄዶ ቀረ። ምድጃው ግን አለ። ስለ እሱ ስታወራ እንደ ከባድ አማች ነው፤ አትወደውም፣ ከቤትም አታስወጣውም።

ድሮ እያንዳንዱ ቤት አመዱን በየደጁ ይበትን ነበር። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነውም፤ አመድ ነበረ፣ በረዶ ነበረ፣ በቃ። ኋላ ሰዉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እያስገባ ምድጃውን ጣለ። መጀመሪያ የጣለው ጡረተኛው የትራም ሹፌር ኔዚር ነው። ቤቱ ከእሷ ቤት ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ ብቅ እያለ ይጮህባት ጀመር።

«አንቺ ሴትዮ! ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ሸሚዜን እንደ ሥጋ አጨስሽው እኮ!»

«ጨው ነስንስበትና ብላው!» ትለዋለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ መንገዱ ሁሉ በአንድ ምድጃ አመድ የሚኖር ሆነ። ማንም ልብ አላለውም፤ እሷም ጭምር።

በዚህ ዓመት ትከሻዋ እምቢ አለ። ከሰል ከምድር ቤት ማውጣት፣ እንጨት መፍለጥ፣ የጭስ ማውጫውን መጥረግ፣ ሁሉም በአንድ ክንድ ሆነ። ልጇ ማሞቂያውን ገዛላት፤ ሠራተኞቹ ሐሙስ መጥተው ይተክሉታል፣ ምድጃውንም ነቅለው ይወስዱታል። ራዚያ ማንንም አላማከረችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ጠዋት እንኳ ተኝቶ ማርፈድ።

ማክሰኞ ክንዷ አልነሳ ብሎ ሳትወጣ ቀረች። በዋዜማው ፀሐይ ያቀለጠው በረዶ ሌሊት ረግቶ መስታወት ሆኖ ነበር። የልብስ ሰፊዋ የሰናዳ ልጅ ዱንያ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰናዳና ኔዚር በሯን አንኳኩ። ሰናዳ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ የድንች ፒታ በትሪ ይዛለች።

ራዚያ ትሪውን አየችው። «ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እትዬ ራዚያ» አለች ሰናዳ።

«ልጅቷስ?»

«ጀሶ አስረውላታል። ጓደኞቿ እየፈረሙበት ነው፤ ደስ ብሏታል መሰለኝ።»

«አላህ ያሽራት።»

ኔዚር ጉሮሮውን ጠረገ። «ጎረቤቴ፣ ነገ ምድጃውን ሊነቅሉ ነው አሉ።»

«እውነት ነው። በመስኮት መጮህ ቀረልህ።»

«እስከ መጋቢት ብታቆዪውስ?»

«ሸሚዝህስ?»

«ይጨስ!»

«ባለፈው ‹ይቺ ሴትዮ ሁላችንንም ሳትቀብር አትሞትም› ያልከው ማንን ነው?»

«ለቀልድ ነዋ!»

«ቀልድህን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው፤ የሳቀ ግን አላየሁም።»

ሰናዳ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ፊት ጠጋ አለች። «እትዬ፣ በረዶውን እንዲያሟሟ ጨውም ሞከርን፤ በዚህ ብርድ አይይዝም። የጨው መኪናውም ይህን ጠባብ መንገድ አይወጣውም። እንጨቱን እኛ እናመጣለን፣ ከሰሉንም። እርስዎ ማንደድ ብቻ ነው።»

ራዚያ «ብቻ» የሚለውን ቃል በልቧ ያዘችው። ሰናዳ መልካም ሴት ናት፤ ምድጃ ሳታነድ ያደገች መልካም ሴት። የዱንያ እጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አልጠፋም። እሺ ብትል ክረምቱ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ክረምት ግን ይመጣል፤ ያን ጊዜም ፒታ ይዘው ይመጣሉ።

«የምትፈልጉት እኔን ነው ወይስ ምድጃውን?» አለች።

ኔዚር ራሱን አከከ። «እውነቱን ልንገርሽ? አመዱን።»

ራዚያ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው ያኔ ነው። «እንግዲያው ውሰደው።»

«ምኑን?»

«ምድጃውን። የጭስ ማውጫህ አሁንም ጣሪያህ ላይ ቆሞ የለ? ቁራ ነው የሚቀመጥበት።»

ኔዚር ወደ ሰናዳ ዞረ። ሰናዳ ወደ ፒታው ዞረች።

«ሚስቴ ትገድለኛለች» አለ።

«በል እንግዲህ ፒታውን እንብላ፤ ለቅሶ መኖሩን ጠርጥሬ ነበር።»

«ራዚያ፣ እየቀለድሽ ነው?»

«አይደለም። ደክሞኛል፣ ኔዚር። ወይ ትወስደዋለህ፣ ወይ ነገ ከቆሻሻ ብረት ጋር ይሄዳል።»

ሐሙስ ሠራተኞቹ ምድጃውን ነቅለው በገመድ አሰሩት። ኔዚርና ሌላ ጎረቤት ገብተው ለአራት ተሸከሙት። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ የፊተኛው ሠራተኛ እግሩ ሸርተት አለና ምድጃው ዘመመ። ራዚያ የመጨረሻውን ባልዲ ይዛ ወጣች። ከፊት ከፊታቸው አመዱን እየበተነች እስከ ኔዚር በር ወረደች።

«አባባ» አለ ሠራተኛው እያለከለከ፣ «በዚህ ዘመን ሰው ምድጃ ያስወጣል እንጂ ያስገባል?»

«ወሬህን ትተህ በደንብ ያዝ!» አለ ኔዚር። ሚስቱ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። ምድጃውን ከላይ እስከ ታች አይታ መንገዱን ለቀቀችላቸው።

ዓርብ ራዚያ እንደ ልማዷ በጨለማ ነቃች። ክፍሉ ሞቋል። ማሞቂያው ግድግዳው ላይ ሆኖ እንደ ንብ ጥዝዝ ይላል፤ ድምፁን አልወደደችውም። ከደጅ የአካፋ መቧጠጥ ተሰማ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ስድብ።

«ራዚያ! ነቅተሻል? ነፋሱ አመዱን ዓይኔ ውስጥ እየመለሰው ነው! እንዴት ነበር የምታደርጊው?»

መልሱን ታውቀዋለች። አንድ እግሯ ወለሉን ነክቷል። ዛሬ ከመለሰች ነገም ይጠይቃታል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ውጪና አሳዪኝ ይላል።

«ራዚያ! እትዬ! ሙሽሪት!»

እግሯን ወደ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰች።