ባቡሩን ያጠመቅሁት እኔ ነኝ

በጎንደር ባቡር አልፎ አያውቅም። ይህን ያልሰማ የከተማችን የቱሪዝም ኮሚቴ ብቻ ነው። ቆላ ካለ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ ሲጎትት ኖሮ የተጣለ ትንሽ የናፍጣ ባቡር በከባድ መኪና አስጭነው አመጡ። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በታች አጭር ሐዲድ ዘርግተው «ቱሪስት እናሳፍርበታለን» አሉ። ከሐዲዱ የኮሚቴው ስም ይረዝም ነበር።

አድሰሽ አስነሺው የተባለችው መካኒኳ ልጄ ናት። ዓመት ሙሉ ዝገት ስትፍቅ ከርማ ሞተሩን አስነሣችው። ፍሬኑ ግን ገና ነበር፤ መንኮራኩሩን ጨብጦ የሚያቆመው ብረት ተበልቶ፣ አዲስ እየተቀረጸለት ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ይህን ሳይጠይቅ እንግዳ ጠርቶ አረፈው።

ምሳ ይዤላት በሄድሁበት ቀን ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ፍሬኑ አልደረሰም» አለችው።

«እህቴ፣ ምረቃ እንጂ ጉዞ አይደለም። ሃምሳ እርምጃ ሄዶ ይቁም።»

«በምን ይቁም?»

«ቀስ ብለሽ ንጂዋ!»

ሐዲዱ ወደ ገደሉ ያዘነብላል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁት እኔ አየሁት፤ እሱ ብዙ ስለተማረ አልታየውም።

እኔ ልጄ ደረጃ ስትወርድ እንኳ «ቀስ!» የምል ሴት ነኝ። «ምነው እምቢ አትይውም?» አልኋት።

«እምቢ ካልሁ ሌላ ሹፌር ያስቀምጡበታል፤ እሱ ደግሞ ቁልቁለቱን አያውቀውም።»

በምረቃው ጠዋት ጠበል በጀሪካን ቀድቼ ሄድሁ። ላይ ላዩን ቢረጩት እስከ ፍሬኑ የሚደርስ አልመሰለኝም። የሚኒባስ ሹፌሩ ጎረቤቴ በየጠዋቱ ለሞተሩ ውሃ ሲሞላ አይቻለሁና፣ ባቡሩም የውሃ አፍ አያጣም አልሁ። ልጄ ልብሷን ስትለውጥ አንዱን ክዳን ፈትቼ፣ «በስመ አብ» ብዬ አንጠፍጥፌ ገለበጥሁበት። ጥንቁቅ ነኝና ክዳኑን መልሼ አጠበቅሁት።

ሰብሳቢው «ታሪካችን ዛሬ ተንቀሳቀሰ!» ሲል ባቡሩ ጥቂት ሄደና፣ ቁልቁለቱ ጋ ሳይደርስ ሦስት ጊዜ አስሎ ጸጥ አለ። እልልታው መሃል ላይ ቀረ። ሰብሳቢው ግን ማይኩን አልለቀቀም።

«ክቡራን እንግዶች፣ እንዳያችሁት በደንብ ይቆማል!»

ተጨበጨበ።

ልጄ ከሥር ገብታ፣ ባልዲ ደቅና ቧንቧውን ስትፈታ ውሃ ወረደ። ቀና ብላ አየችኝ።

«እምየ፣ የት ነው የጨመርሽው?»

«በውሃው አፍ ነዋ።»

«እሱ እኮ የናፍጣው ነው!»

መሬት ልትውጠኝ የሚገባው እኔን ነበር፤ እሷ ግን ሣቋን ውጣ ሰብሳቢውን «ሞተሩ እስኪጸዳ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» አለችው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላም፣ «ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ሌላው ለፍሬኑ ነው» አለችኝ። ውሸት ስትናገር ሳልቆጣት የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እዚህ እንዳትደፊው፣ ጠበል እኮ ነው! ሰው ይረግጠዋል» ብዬ ባልዲውን ተቀበልኋት። ቤተ ክርስቲያን እንዳልመልሰው ናፍጣ ይሸታል፤ ተክል ሥር እንዳልደፋው ተክሉን ይገድላል። እግር የማይደርስበት የድንጋይ ስንጥቅ እስካገኝ ስንከራተት ዋልሁ።

ፍሬኑ የተገጠመ ዕለት ልጄ ቁልቁለቱን ነድታ ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

«ሸጋ ነው» አልሁ። «እስቲ ድገሚው።»

«እምየ፣ በቃ!» እስክትል ድረስ ሰባት ጊዜ አስቆምኋት።