ሳና ና

አሶሳ ውስጥ ሮክ የሚዘፍን ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሙርሳል ነው። ቀን ቀን የሰው ግድግዳ ይቀባል፤ አመሻሽ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታሩን እያስጮኸ ጎረቤት ያስመርራል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ቢሆንም ሆድ ያባባል። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነውና አማርኛን የለመደው ገበያ ውስጥ ነው። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ማለቱ እስካሁን አልለቀቀውም።

ተዋናይ ያደረገውም ይኸው ነው ማለት ይቻላል። የከተማው የቴአትር ቡድን ኃላፊ ብዙወርቅ፣ ከወሎ ሰፋሪዎች የተወለደች ቆፍጣና ሴት፣ መጀመሪያ የሰጠችው ሚና አሳዛኝ ነበር፤ አባቱ አልጋ ላይ የሚያጣጥርበት ልጅ። ሙርሳል ከልቡ እያለቀሰ አልጋው ላይ ተደፋና «አባዬ፣ አትሙቺብኝ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሟቹ ራሱ አንሶላው ውስጥ ሲንፈቀፈቅ ታየ። ከዚያ ወዲህ ሙርሳል መድረክ ላይ ገና ብቅ ሲል ሰው ይስቃል፤ ብዙወርቅም ከማስቂያ ሚና ሌላ ሰጥታው አታውቅም። ኑሮውን አልጠላውም፤ ሰው ሲወደው ደስ ይለዋል። በዘፈኑ ግን ማንም እንዲስቅበት አይፈልግም።

አንድ ጊዜ ሚስቱ ሳና እናቷን ልትጠይቅ ባምባሲ ሄዳ ሰነበተች። ናፍቆቱ ሲብስበት «ሳና ና፣ ማንጎው በሰለ፣ ቤታችን ና» ብሎ ዘፈነና በስልኩ ቀድቶ ላከላት። እሷም ለእህቷ ላከችው። ዘፈኑ ከስልክ ስልክ ሲዞር ባጃጆች ሁሉ እሱን ከፍተው መክነፍ ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ሙርሳል በከተማው ስታዲየም ለሚደረግ ኮንሰርት ተጋበዘ።

ይሄኔ ብዙወርቅ ጠራችው። «ስማ ሙርሳል፣ ሴት ልጅ ‹ና› አትባልም። ‹ነይ› ነው የምትባለው።»

ሙርሳል ክው አለ። «ታዲያ ሰው ሁሉ የሚሰማኝ ሊስቅብኝ ነው? እትዬ ብዙወርቅ፣ አንተ ለምን ቶሎ አልነገርከኝም?»

ሳምንቱን ሙሉ ግድግዳ እየቀባ «ነይ፣ ነይ» ሲል ሰነበተ።

የኮንሰርቱ ዕለት ስታዲየሙ ጢም ብሏል፤ ከባምባሲ የተመለሰችው ሳና ከፊት ተቀምጣለች። ሙርሳል ጊታሩን መትቶ፣ አፉን ሞልቶ «ሳና ነይ» አለ። ዘፋኙ ዜማ የሳተ ይመስል ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ አንዱ «ና!» አለ፤ ወዲያው ስታዲየሙ በሙሉ «ሳና ና!» ብሎ ተቀበለ። የሙርሳል ጣቶች ክሩ ላይ ቀሩ። ያው ሳቁ ሊመጣ ነው ብሎ ጠበቀ። የሚስቅ ግን አልነበረም። ወጣቱም ሽማግሌውም ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል፤ ብዙወርቅ ሳትቀር።

ግራ ገብቶት እንደቆመ፣ ሰው ፊት ድምጿን አሰምታ የማታውቀው ሳና ብድግ አለች። እጇን ዘርግታ «ሙርሳል፣ ና!» አለችው።

ከሷ አፍ ሲወጣ ቃሉ አንድም እንከን አልነበረበትም። ሙርሳል ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ከመድረኩ ወረደና የጊታሩ የኤሌክትሪክ ገመድ እስከደረሰለት ድረስ ሄደላት።