እትዬ ቆዩ እና የተረፉት ሰዎች ፎቶ

ሰፈርተኛው ስሟን ትቶ «እትዬ ቆዩ» ማለት የጀመረው በሰፈሩ ንባብ ቤት በምትሰጠው የቅዳሜ ትምህርት ምክንያት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ፎቶ ቤት ሠርታለች፤ የደበዘዘ ቅንድብ ስትኩል፣ የሞተ አያት ከድሮ ምስል ቆርጣ ከልጅ ልጆቹ መሀል ስታስቀምጥ። ፎቶ እንዴት እንደሚዋሽ እሷን ጠይቋት፤ ስታስዋሸው ኖራለች። ጡረታ በወጣች ማግስት ሰፈሩ በስልክ ወሬ ታመሰ። ውሃው ተመርዟል ተባለና ሁሉም ጄሪካኑን ደፋ፤ በነጋታው ውሸት ሆኖ ተገኘ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብላ ጎረቤቶቿን ሰበሰበች። የትምህርቷ ሁሉ ራስ ያው ነው፦ እስቲ ቆዩ። ማን ላከው? ፎቶው ከዚህ በፊት የት ታይቷል? ቁጣና ፍርሃት ሲያቁነጠንጣችሁ ጣታችሁን ሰብስቡ።

ከተማሪዎቿ ቀልጣፋው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ደንበኛው የማይሆን ወሬ ካመጣ፣ «ምንጩን ንገረኝና የቀረውን ግማሽ ራስህን ልጨርስልህ» ይላል አሉ።

ታናሽ ወንድሟ የጭነት መርከብ መካኒክ ነበር። መርከቡ ማዕበል ውስጥ ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። በስልክ የመጣን ሁሉ አትመኑ እያለች የምታስተምር ሴት፣ የራሷ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጣ ታነሳለች።

አንድ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ እያለከለከ ወደ ንባብ ቤቱ ገባ፤ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷም እልል እያለች ተከተለችው።

«የምሥራች እትዬ! ስልክዎን ይክፈቱ!»

ከፈተች። የሆስፒታል ኮሪደር፤ ብርድ ልብስ የደረቡ ወንዶች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። «ማዕበል ካሰጠመው መርከብ የተረፉ» ይላል ጽሑፉ። ጥግ ያለው ፊቱን አዙሯል፤ የሚታየው ጆሮው ብቻ ነው። እንደ ድስት እጀታ ገንጠል ያለ ጆሮ! «አንተን እኮ ነፋስ ይወስድሃል» እያለች ወንድሟን የምታበሽቅበት።

«ለማን ለማን ላካችሁት?»

«ለሰፈሩ በሙሉ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ደስታን ማን ይደብቃል?»

ፎቶው ቀድሞ የት እንደታየ ለማወቅ ስልኩ ላይ ያለውን የምስል መፈለጊያ አንዴ መንካት ይበቃል። ጣቷን አነሳች።

«እስቲ ቆዩ» አለች።

ይሄኛው የተጠራጣሪ ሰው ድምፅ አልነበረም። ጆሮውን ዝም ብላ አየችው። ብርድ ልብሱ ሞቆት ይሆን? የሚጠጣ ትኩስ ነገር ሰጥተውት ይሆን? ከዚያ መፈለጊያውን ነካችው።

ያው ኮሪደር፣ ያው ጆሮ መጣ። ወንድሟ የተሳፈረበት መርከብ ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት፣ በሌላ አገር፣ ማዕድን ጉድጓድ ተደርምሶባቸው የተረፉ ሰዎች ናቸው።

ፀጉር አስተካካዩ አቀረቀረ። «ክፉ ወሬ ቢሆን እኮ እንመረምረው ነበር። ደግ ሲሆን ግን… እውነት እንዲሆንልዎ ፈለግን።»

«እኔም ፈልጌ ነበር» አለች። «ያላስተማርኳችሁ ይሄን ነው። በሉ ተቀመጡ። ለላካችሁለት ሁሉ እውነቱን፣ ከነቦታው ከነጊዜው ጽፋችሁ ላኩ። ይሄም ሰው እህት ይኖረዋል፤ ባልተሳፈረበት መርከብ አናስጥመው።»

ጽፈው፣ ልከው ሲበተኑ ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለቻት። «አንቺ፣ ፎቶውን አጥፊው በቃ። አንጀትሽን ይበላዋል።»

«አላጠፋውም» አለች እትዬ ቆዩ፣ መነጽሯን እየወለወለች። «ሰውየው የሰው ነው። ጆሮው ግን የወንድሜ ነው።»