የዕድሩ አዲስ ድንኳን

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሰው ገብቶበት ብዙም ሳይቆይ ነው። ደረጃው ገና ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ግን የትም ሰፈር ድንኳን ተተክሎ ሳይ የዚያን ቀን ንፍሮ ትዝ ይለኛል።

ያኔ በአንድ ትንሽ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ «ዘላቂ አኗኗር» የሚባል ስልጠና ማዘጋጀት ነው። በቀላሉ ሲነገር ውሃን፣ መብራትንና ቆሻሻን እንዴት እንያዝ ብሎ ከሰው ጋር መመካከር ማለት ነው። ለየቡድኑ የሚስማማውን ርዕስ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ከተማሪዎች ጋር ቆሻሻ እየለየን እንጫወታለን፣ ከሰንጋ ተራ ባለሱቆች ጋር ስለ ፌስታል እንከራከራለን። እናቴ «አንቺ የሰው ድስት ካልከፈትሽ እንቅልፍ አይወስድሽም» ትለኛለች፤ ለእኔ ዓይነቷ ጠያቂ ከዚህ የተሻለ ሥራ አይገኝም።

ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ግን ምን እንደሚሻል ጨነቀኝ። በዕጣ የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከኮተቤ፣ ሌላው እዚያው ልደታ ማርያም አጠገብ ቤቱ ፈርሶበት የመጣ ነው። ምን እንደሚያንገበግባቸው በምን ልወቅ? ሦስቱንም ርዕስ ይዤ ልሂድና ራሳቸው ይምረጡ አልኩ።

የቀረው ቦታ ነበር። የጋራ መሰብሰቢያው ቤት፣ ነዋሪው ቤቱን የሚያስጨርስበት ሲሚንቶና ሴራሚክ ታጭቆበታል። መላ ያመጡልኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሲሆኑ፣ ገና የተቋቋመው የግቢው ዕድር ዳኛም ነበሩ። ዕድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቷል፤ አንድም ቀን አልተተከለም።

«ድንኳን በለቅሶ ከሚመረቅ በትምህርት ቢመረቅ ይሻላል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያስጨንቃቸውን ነገሩኝ። «ስሙን ያላስመዘገበ የለም። ግን ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። አንድ ሰው ቢሞት ማን ይመጣል? እኔ ራሴ ብሞት ንፍሮ የሚቀቅልልኝ መኖሩን እንጃ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ጥበቃዎቹ ድንኳኑን ግቢው መካከል ተከሉልን። ጋሽ ታደሰ የስብሰባ ማስታወቂያ በየደረጃው ለጥፈው ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማን እንደሚያነብ ግን ሁለታችንም አላሰብንበትም። እሳቸው ተጨማሪ ወንበር ሊያመጡ ሄዱ፤ እኔ የማስተማሪያ ሥዕሎቼን መስቀል ጀመርኩ።

ሰው መምጣት ጀመረ። በስልጠና ዘመኔ በሰዓቱ የመጣ ሰው አላየሁም፤ እነዚህ ግን ከሰዓቱ ቀድመው መጡ። ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ፣ ሳይናገሩ ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ ሴቶች ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርገዋል። ከለቅሶ ቤት በቀጥታ የመጡ መሰለኝና ትጋታቸው ገረመኝ። አንድ ሽማግሌ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። ሰው ፊት መቆም እንደምፈራ በምን አወቁ ብዬ እያሰብኩ አመሰገንኳቸው።

ወንበሩ ሲሞላ ጀመርኩ። ከአሮጌ ፌስታል የተጠቀለለች ኳስ ነበረችኝ። እወረውራለሁ፤ የቀለበ ሰው ስሙንና ፎቁን ይናገራል። የትኛውም ቡድን በዚህ ይሳሳቃል። ኳሷን ጥቁር ኮት ለለበሰ ጎልማሳ ወረወርኩለት። ቀለባት። እኔን አየኝ፣ ኳሷን አየ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው አየ።

«መኮንን። ሁለተኛ ፎቅ» አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ኳሷን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ሸፈናት።

«እሺ፣ ከቆሻሻ፣ ከመብራትና ከውሃ በየትኛው እንጀምር?» አልኩ።

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አንዲት ሴት አፍንጫዋን ጠረገች። ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ሕዝብ አይቼ አላውቅም፤ ምን ነክቷቸው ይሆን እያልኩ ፊታቸውን አንድ በአንድ ማየት ያዝኩ።

ያን ጊዜ ግራውንድ ላይ የሚኖሩት እትዬ አስናቀች ትልቅ ሰፌድ ይዘው ገቡ። ስንዴና ሽምብራ ነው። ንፍሮ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ንፍሮ ለምን እንደሚዞር አይጠፋኝም።

ጋሽ ታደሰም ወንበር ተሸክመው ከኋላቸው ደረሱ።

«አስናቀች፣ ምንድን ነው ንፍሮው?»

«ያለ ንፍሮ ለቅሶ አለ እንዴ፣ ጋሼ?»

«የማን ለቅሶ?»

እትዬ አስናቀች ዙሪያቸውን ቃኙ። «የእማማ በላይነሽ ነዋ። አራተኛ ፎቅ የነበሩት።»

«ማን ነገረሽ?»

ለእሳቸው የነገራቸው መኮንን ነው። ለመኮንን የነገረችው የግቢው ባለሱቅ ናት። ባለሱቋ ድንኳኑን አይታ ማን ሞቶ ነው ብላ ጥበቃውን ብትጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ትከሉ ተባልን ተከልን» አላት። በዕድሜ የገፋ ሰው በግቢው ማን አለ ብላ ስታስብ እማማ በላይነሽ መጡባት። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ።

ጋሽ ታደሰ ስለ ማስታወቂያቸው ሲናገሩ ሰዉ መሳቅ ጀመረ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ግን አልሳቀችም።

«የእኔ በር ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ነው» አለች። «ሰሞኑን ሲወጡ አላየኋቸውም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንጃ። ልብ አላልኩም።»

ጋሽ ታደሰ ወንበሩን ጥለው ወጡ፤ ሁላችንም ተከተልናቸው። ደረጃውን ስወጣ በስሕተት የተጀመረው ለቅሶ እውነት እንዳይሆን ፈራሁ።

እማማ በላይነሽን ያገኘናቸው ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ዘገየሁ» አሉ። «ድንኳኑን በመስኮት አየሁት። ይሄ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው። ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

መኮንን የፌስታል ኳሷን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እትዬ አስናቀች ሄደው አቀፏቸው፤ አቅፈውም አለቀቋቸውም።

«ማንም አልሞተም፣ እማማ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ስብሰባ ነው። እርስዎን ልንጠራ እየመጣን ነው።»

እኔ መቼም መጠየቅ አልተውም። «ሰሞኑን ግን ለምን ጠፉ?» አልኳቸው።

«ውሃው ወደ ላይ መውጣት ተወ። ወርጄ እንዳልቀዳ ጉልበቴ። ሰው እንዳላስቸግር ማንን አውቃለሁ? ባልዲ ውስጥ ያለችኝን እየቆጠብኩ ቤቴ ተቀመጥኩ።»

«ታዲያ ዛሬ እንዴት ወረዱ?»

«ለቅሶ ይቀራል እንዴ?» አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ።

ለውሃ ያልወረዱ ሴት፣ ለማያውቁት ሰው ለቅሶ ያን ሁሉ ደረጃ እየወረዱ ነበር።

«ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስለ ውሃ ነው» አልኩ። ርዕሱን የመረጥኩት እዚያው ደረጃ ላይ ነው።

በወንበር ተሸክመን አወረድናቸው። ያ ዝም ብሎ የነበረ ሕዝብ ያን ቀን ማን ያስቁመው። ታች ያለው ሰው ቧንቧው ስለማይቋረጥበት አራተኛ ፎቅ የሚደርቅ አልመሰለውም ነበር። የታችኞቹ ጠዋት ጠዋት ቧንቧ ዘግተው ላይኞቹ እንዲቀዱ ተስማሙ። መኮንን የእማማ በላይነሽን ጄሪካን እኔ አመላልሳለሁ አለ። ንፍሮውም እንዳይባክን ተበላ፤ ስለ ብክነት ልናወራ አይደል የመጣነው። እማማ በላይነሽ አንድ እፍኝ ወስደው ቀስ ብለው ቆረጠሙ። የማን ንፍሮ እንደሆነ የነገራቸው ግን አልነበረም።

የተባለው ሁሉ አልጸናም። ቧንቧ መዝጋቱ ብዙም ሳይቆይ ተረሳ፤ የመኮንን ጄሪካን ግን አልቀረችም። ይህን ያወቅሁት ከጊዜ በኋላ እማማ በላይነሽን ልጠይቅ ስሄድ ነው። አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ያን ቀን የተለቀሰው ለእኔ ነው፣ አይደል?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም። አስናቀች እንዴት አድርጋ እንዳቀፈችኝ አላየሽም? ለስብሰባ እንደዚያ ይታቀፋል?» ብለው ሳቁ። «ዕጣው ወጥቶልኝ እዚህ ስገባ፣ ብሞት ማን ያውቅልኛል እያልኩ ነበር የማድረው። ለካ ድንኳን ሙሉ ሰው ይመጣልኛል።»

ልወጣ ስነሳ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ንፍሮው ግን ጥሬ ነበር። የእውነቱ ቀን ሲመጣ ደህና አድርጋ ታብስለው፣ ንገሪያት።»

መልእክቱን አድርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቡድን ፊት ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው «ዛሬ እዚህ የሌለው ማን ነው?» ብዬ ነው። ርዕሱን ከዚያ በኋላ እንመርጣለን።

የእማማ በላይነሽ የእውነቱ ቀን የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ድንኳኑ ያው ድንኳን ነበር፤ ፀሐይ አደብዝዞታል። ቦታ ጠፍቶ ሰዉ ውጭ ድረስ ቆሟል፤ ወንበር የሚያመጣው መኮንን ነው። እትዬ አስናቀች ድስቱን የጣዱት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው አሉ። ሰፌዱ እኔ ጋ ሲደርስ ትንሽ ዘግኜ አኘክሁ።

በደንብ በስሏል። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።