በከንፈር የተያዘ ስፒል

ሰፈሩ የሚያውቃት «እትዬ ስፒል» በሚለው ስም ነው። ልብስ ስትለካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ትይዛለች፤ ያኔ ሰላም ያላት ሰው መልሱን የሚያገኘው ከቅንድቧ ነው። አመሻሽ ላይ የስፌት ሱቋን ዘግታ ወደ ወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ ትሄዳለች። እዚያ የልጆቹን የትያትር ልብስ ትሰፋለች፤ ከመጋረጃ ኋላ ቆማም ንግግር የጠፋበትን ልጅ በሹክሹክታ ታስታውሳለች።

ወደ አዳራሹ የወሰዳት የእህቷ ልጅ ነገር ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቷ በአክስቷ ጆሮ ከማንሾካሾክ በቀር ለማንም ቃል አትተነፍስም። ጎረቤት «እንዴት ነሽ?» ሲላት አክስትየው «ደህና ናት» ትላለች። መምህር ሲጠይቃትም የምትመልሰው አክስትየው ናት። እንዲህ እያለች የልጅቷ አፍ ሆነች። አንዳንዴ ግን የስፌት መኪናውን የሚረግጠው እግሯ ድንገት ይቆማል። ነገ እኔ ድፍት ብል፣ ማን ይናገርላታል? በዚህ ስጋት ልጅቷን ከትያትሩ ልጆች ጋር ቀላቀለቻት።

ልጆቹን ትያትር የሚያሠለጥኑት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ደንባቸው አንድ ነው። ልጅ ንግግር ሲጠፋበት አይሳቅበትም፣ አይቸኮልበትም፤ ሌሎቹ በቆሙበት ቆመው ይጠብቁታል። ለልጅቷ አንዲት ንግግር ብቻ ሰጧት። መንገደኛ በሯን ሲያንኳኳ «ግቡ፤ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም» ትላለች።

በልምምድ ጊዜ ግን በሩ ገና ሲንኳኳ አክስትየው ከመጋረጃው ኋላ ታንሾካሹካለች። ልጅቷ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች።

«እትዬ፣ እንደዚህ ጎበዝ መጋረጃ አይቼ አላውቅም» አሏት ጋሼ አንድ ቀን። «ሙሉ ንግግሩን በቃሉ ይዞታል።»

«አንጀቴ አይችልማ ጋሼ። ሰው ፊት ታፍራለች።»

«ትፈር። እኛ እንጠብቃታለን። የማትጠብቂያት አንቺ ብቻ ነሽ።»

ነገሩ አጥንቷ ድረስ ዘልቆ ገባ።

ትያትሩ በሚታይበት ቀን ወላጆች የፕላስቲክ ወንበሮቹን ሞሉ። እትዬ ስፒል የምትለካው ልብስ ሳይኖር ስፒሎቿን አወጣችና በከንፈሯ ደረደረቻቸው። የጥጥ ጺም የተለጠፈለት መንገደኛ የኮምፔንሳቶውን በር አንኳኳ። ልጅቷ ከፈተች።

ወደ መጋረጃው ዞር ብላ አየች። አክስቷ ዓይኗን አልሰበረችም፤ ከንፈሯን ግን አጥብቃ ገጠመች። መድረክ ላይ ያሉት ልጆች በያሉበት ቆመው ጠበቁ።

«በሩን ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

«አርፈህ ተቀመጥ» አለችው እናቱ።

ልጅቷ ወደ መንገደኛው ተመለሰች።

«ግቡ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ቤቱ ጠባብ ነው።» ቀሪው ጠፋት። «እናቴ የለችም። ግን ግቡ» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር በትያትሩ ውስጥ አልነበረም። መንገደኛው ግራ ገባው፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እሺ፣ እገባለሁ» አለ።

ጋሼ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው ወለሉን ያዩ ነበር።

መጋረጃው ሲዘጋ ልጅቷ ወደ አክስቷ መጣች። ቀና ብላ አየቻት።

«አክስቴ፣ ከንፈርሽ ደምቷል» አለች፤ ይህንን ስትል አላንሾካሾከችም። «ለምን አላስታወስሽኝም?»

እትዬ ስፒል ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ የቀሚሷ ደረት ላይ ሰካቻቸው።

«አፌ ሞልቶ ነበር» አለች።