ዘይኑዬ እና ቢጫው ሽቦ

ውሸት ነው በሉኝ እስቲ።

ጠዋት ሰሃን እያጠብኩ ስልክ ተደወለልኝ። "ዘይኑ አረፈች" አለችኝ አንዷ ጓደኛችን። "የቷ ዘይኑ?" አልኳት። የማውቃት ዘይኑ አንድ ናት፤ ግን ሌላ ዘይኑ እንድትኖር ፈለግሁ። ባለፈው እሁድ እኮ አብረን ነበርን። ደረቴን ይወጋኛል ስትለኝ ሐኪም ቤት ሂጂ ብያት "ኢንሻአላህ ሰኞ" ብላኝ ነበር። ልቧ ነው አሉ።

ለማታውቋት፣ ዘይኑ ሙሉ ስሟ ዘይነባ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ዕድሜዋን በሙሉ ማለት ይቻላል ቤይሩት የሰው ቤት ሠርታለች። እኔ ዛሬም እዚሁ ቤይሩት፣ ዛልቃ ሰፈር ያለሁት በእሷ ነው። የምጽፈውም ላለቅስ ሳይሆን ላመሰግናት ነው። ካለቀስኩም አለቀስኩ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ።

ከመጣሁ ሦስት ወር አልሞላኝም ነበር። ሚስተር፣ የማዳሜ የአሠሪዬ ባል፣ ፀጉሩ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው፤ ግን አንድ አሮጌ የቴሌቪዥን ጌም አለው፣ ካሴቱ ከላይ የሚሰካ። በልጅነቱ ከወንድሙ ጋር የተጫወተበት ነው። ወንድሙ በሕይወት የለም፤ ስለዚህ ያንን ዕቃ ማንም አይነካውም። ለእኔ ግን ማን ነገረኝ? አቧራ አየሁ። ሽቦውን ነቀልኩ፣ ወለወልኩ፣ መልሼ ሰካሁ።

ሚስተር ከሥራ ገብቶ ሲከፍተው ምስሉ ሌላ ሆኗል። ቀለም የሚባል የለውም፣ በዚያ ላይ መስመር መስመር እየሠራ ይንቀጠቀጣል። ማዳሜ ወደ ኩሽና መጥታ "ኤል ሱራ ሚሽ ንዲፌ" አለችኝ። "ሚሽ ንዲፌ" ገብቶኛል፣ ንጹሕ አይደለም ማለት ነው። "ሱራ"ን ግን ሱሪ ነው ብዬ ተረዳሁት። ያኒ ሱሪው ቆሽሿል። ሮጬ የሚስተርን ሱሪዎች ከቁም ሳጥን አውጥቼ በሙሉ ዘፈዘፍኳቸው፣ የሱፉ ሳይቀር። ሱራ ለካ ምስል ኖሯል።

ኸላስ፣ አለቀልኝ። ማዳሜ "ነገ መክተብ" አለች። መክተብ ያስመጣኝ ቢሮ ነው። ሦስት ወር ያልሞላትን ልጅ አሠሪዋ አልፈልግም ካለች እዚያ ወስዳ ትመልሳታለች፤ ከዚያ ወዲያ ዕጣሽ ምን እንደሆነ አታውቂም። አገር ቤት ደግሞ ሁለት ታናናሽ እህቶቼ የሚማሩት በእኔ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ሱሪ እያሰጣሁ ሳለቅስ ከላይኛው ፎቅ ድምፅ መጣ። "አንቺ ልጅ፣ ሰው ለሱሪ ያለቅሳል እንዴ?"

ላይ ቤት የምትሠራው ዘይኑ ነበረች፤ የተዋወቅነው ያኔ ነው። የሆነውን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ "ጥፋቱን ከራስሽ አትጀምሪ። ያላ፣ ከሽቦው እንጀምር።"

ዘይኑ በፊት የሠራችው ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር፣ ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ሱቁ ከቤቱ ሥር ነበር። ዓይኑ ሲደክም እሷ ባትሪ እያበራችለት፣ ትንንሾቹን ብሎኖች እየፈታችለት ሙያውን ቀሰመች። የእኛን ሰው "ጥረጊ" እንጂ "ምን ታውቂያለሽ" ብሎ የሚጠይቅ የለማ።

ማዳሟን አስፈቅዳ ወረደች። ሚስተር እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያያታል። ካሴቱን አወጣችና መሰኪያውን አልኮል በነካ የጆሮ መጥረጊያ ጠረገችው፤ ጥጡ ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ የቢጫውን ሽቦ ጫፍ ነቅላ አፍንጫው ሥር ወሰደችለት። አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። "ጨው ነው ሚስተር። ባሕሩ እዚህ አይደል? ልጅቷን ለምን ትቆጣለህ?" አለችው በአረብኛ። ፈትጋ አጸዳችው፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ ብላ ሰካችው።

ምስሉ ከነቀለሙ ኩልል ብሎ መጣ። ሚስተር ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ መጫወት ጀመረ። ማዳሜም መክተብ የሚለውን ቃል ሁለተኛ አላነሳችውም።

ደረጃው ላይ ስሸኛት ጆሮዬን ያዝ አድርጋ "መስመሩ የጨው ነው፣ ቀለሙ ግን ያንቺ ነው" አለችኝ። "ቢጫውን ሽቦ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ነው የሰካሽው።"

ደነገጥኩ። "ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ማን ጠየቀኝ? ደግሞ ሱራ ስትባል ሱሪ ያጠበች ልጅ ቀዳዳ ብትስት ምን ይገርማል" ብላኝ ወጣች።

"ከሽቦው እንጀምር" የምትለዋን ቃሏን እዚህ ያለን ልጆች የማናውቃት የለንም። በጦርነቱ ጊዜ አንዲት ልጅ ቦምብ ከሚወርድበት ከዳሒዬ ሰፈር በነጠላ ጫማ አምልጣ መጥታ፣ "የማዳሜን ቤት ሳልቆልፍ ወጣሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር። ዘይኑ "ከሽቦው እንጀምር። በልተሻል?" አለቻት። አልበላችም ነበር። አብልታ አስተኛቻት፤ ስለ ቁልፉ ማንም አላነሳባትም።

ዛሬ ሚስተር ሳለቅስ አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። "ሱራውን ያስተካከለችልህ ሴት ሞተች" አልኩት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እነዚህን ሁሉ ዓመታት የደበቅሁትን የቢጫውን ሽቦ ነገር አውጥቼ ነገርኩት። የመኪናውን ቁልፍ አነሳና "ያላ ልበሺ፣ ቀብሩ ላይ አደርስሻለሁ" አለኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ለብሼ እየጠበቅሁት ነው።

ዘይኑዬ፣ በሸፈንሽልኝ ጥፋቴ ላይ ነው ቤተሰቤን ያቆምኩት፤ እህቶቼ ተምረው ጨርሰዋል፣ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ክርስቲያኗ ባንቺው አፍ ልመርቅሽ፦ አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ።

እዚህ ልለጥፈው ፎቶሽን ባወጣው ደብዝዞ አልታይ አለኝ። እንዳስተማርሽኝ ከራሴ አልጀመርኩም፤ መጀመሪያ ስልኩን ጠረግሁት። አልጠራም። የዛሬው ጥፋት ግን የእኔ ነው እህቴ፣ የዓይኔ ነው። ደህና ሁኚልኝ።